ትልቁ ላፕቶፕ

አቶ ሀሺ ዕድሜያቸውን በነጌሌ ገበያ ከብት ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ የማይለቁት መመሪያ አላቸው፤ ሻጩ ትንሹን ካሞገሰ አንተ ትልቁን ያዝ። ሰው ያለ ምክንያት አነስተኛውን አያወድስማ! ይህ መመሪያ ከፊልቱ እስከ ወደራ ባሉ ገበያዎች ሁሉ ጠቅሟቸዋል። ላፕቶፕ ሲገዙ ግን ጉድ ሠራቸው።

ልጃቸው ፈርሃና ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ልትማር ተመደበች። አባትና ልጅ ላፕቶፕ ሊገዙ ቀድሪያ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ገቡ። ቀድሪያ አልነበረችም። ሱቁን የያዘው ኢያድ የሚባል የእህቷ ልጅ ነበር፤ እዚያው ቡሌ ሆራ ይማራል፣ ክረምት ሲሆን አክስቱን ያግዛል።

ኢያድ ሁለት ላፕቶፖች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አባባ፣ ትንሹን ቢወስዱላት ይሻላል» አለ። «ግቢው ሰፊ ነው። ከዶርም ክፍል፣ ከክፍል ላይብረሪ ስትመላለስ ትልቁ ትከሻዋን ይጎዳታል። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።»

አቶ ሀሺ ትንሹን አነሱ፤ ትልቁንም አነሱ። ፍየል እንደሚመዝን ሰው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው።

«ዋጋቸው አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«እና ትንሹን ውሰድ ነው የምትለኝ?»

«አዎ» አለ ኢያድ። አዎ ሲል ግን ዓይኑ ፈርሃና ላይ ነበር። እሷም አይታው ኖሮ አንገቷን ደፋች።

አቶ ሀሺ በልባቸው ፈረዱ፤ ትልቁን ገዙ። ከሱቁ ሲወጡ «ይሄ ልጅ አጭበርባሪ ነው» አሉ። «ትንሹ አንድ ሕመም አለበት። ሊያራግፍብኝ ነበር።»

ፈርሃና አባቷ ያን ትልቅ ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «የልጄ ነው» ሲሉ እያየች ምን ትበል?

ትምህርት ተጀመረ። ያ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ ከመጽሐፉ ጋር ሲደመር ጉድ ነው! ጠዋት በቀኝ ትከሻዋ፣ ከሰዓት በግራዋ፣ ማታ ሁለቱንም ያማታል። ዝናብ ጥሎ ቀዩ ጭቃ ጫማ ሲይዝማ አይነሳ። አንድ ቀን ሲያቅታት ላይብረሪው ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አካም፣ ፈርሃና?»

ቀና ስትል ኢያድ ነው። «ናጋ» ብላ ሰላምታውን በኦሮምኛ መለሰች። አሁን ‹ነግሬሽ ነበር› ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ እቴ! ቦርሳውን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«ተው እንጂ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«እኛ ሁለት ብቻ ነን።»

«እንግዲያው ሃያ አምስት ሃያ አምስት ይደርሰናል።»

ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ሲሰማ እሱ የሚሄድበት ጠፋው።

ከዚያ ወዲያ ተስማሙ። ጠዋት ዶርሟ በር ላይ ትልቁን ይቀበላትና የራሱን ቀላሏን ላፕቶፕ ይሰጣታል። ማታ ላይብረሪ ሲገናኙ ይለዋወጣሉ፤ ፕላን ለመሳል ደግሞ ሰፊው ስክሪን ነፍስ ነበር። አባቷም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ይህን ኢያድ ራሱ ነው ደጋግሞ የሚነግራት። እሷን በጣም የነካት ይሄ ነው። ያሙትን ሰው የሚያመሰግን ወንድ ከየት ይገኛል?

አንድ ምሽት ላፕቶፑን ሲቀበላት እጁ እጇ ላይ ቆየ።

«ወድጄሻለሁ» አለ። «ሱቁ ውስጥ ነው የጀመረኝ።»

ፈርሃና ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «እኔም ወድጄሃለሁ። ግን አባቴ አጭበርባሪ ነው ብለውሃል። እሳቸው ያልመረቁትን ትዳር እኔ አልገባበትም፣ ኢያድ።»

«እውነቱን ብትነግሪያቸውስ?»

«ያ ላፕቶፕ ከበደኝ ልበላቸው? በዚያ ደስታ ገዝተውልኝ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ኢያድ። ላፕቶፖቻቸውን ተለዋውጠው ተለያዩ።

ሚያዝያ ላይ አቶ ሀሺ ሳይናገሩ መጡ። ሻኪሶ የከብት ጉዳይ ነበራቸው፤ እዚህ ድረስ ደርሼ ልጄን ሳላያት አልመለስም ብለው በአይሱዙ ቀጠሉ። ከግቢው በር ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ማንን መሰላችሁ? ኢያድን፤ የልጃቸውን ላፕቶፕ አንግቶ። ፈርሃና ከጎኑ ነበረች።

«የልጄ ዕቃ አንተ ጋ ምን ይሠራል?» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ኢያድ ቦርሳውን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀበላቸውና ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«አባ፣ ልንገርዎት...» ብላ ጀመረች።

«በኋላ። ዛሬ እኔ እይዝልሻለሁ። ወደ ክፍልሽ ምሪኝ።»

ሄዱ። መጀመሪያ ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ዝናቡ እያወሩ ነበር። ከአስተዳደሩ ሕንፃ ሲያልፉ ወሬው ቀነሰ። ዳገቱ ላይ ትከሻ ቀየሩ። ካፍቴሪያው ጋ እንደገና ቀየሩ። በመጨረሻ አንድ ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ።

«ገና ነው?»

«ገና ነው፣ አባ።»

«ይህን በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲገዙልኝ የነበረዎትን ደስታ ስላየሁ ነው። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

አቶ ሀሺ ልጃቸውን አዩ፤ ዞረውም ከኋላ ተከትሏቸው ከሩቅ የቆመውን ኢያድን አዩ። በእጃቸው ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ያን ቀን እውነቱን ነበር የነገርከኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እዚህ ስታገኛት ታዲያ ‹አባትሽ አያውቅም› አላልካትም?»

«እንዴት እላለሁ? አባቷ ነዎት» አለ ኢያድ።

አቶ ሀሺ እጃቸውን ዘረጉለት። የነጌሌ ከብት ነጋዴ የበደለውን ሰው እጁን ጨብጦ ካልካሰው ዳግመኛ ገበያ መቆም ነውሩ ነው። አጥብቀው ጨበጡት፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

ፈርሃና ያን ጊዜ ደፈረች። «አባ፣ እኔ እወደዋለሁ።»

አባቷ «ወላጆቹ ሽማግሌ መላክ ያውቁ የለ?» አሉ።

ፈርሃና ስትመረቅ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ደንቡ ስለ ኢያድ ጎሳ፣ ስለ አያቱ ቸርነት፣ ስለ ቤተሰቡ ከብት አንድ በአንድ መዘርዘር ጀመሩ። ፈርሃና ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። አቶ ሀሺ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

«ስለ ዘሩ አትድከሙ» አሉ። «እኔ ይህን ልጅ ሸክም ላይ አይቼዋለሁ።»

ፈርሃና «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አለቀሰችም።