እጅ ያልነሳችው አሻንጉሊት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር «በሉ ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሁሉ እንቅልፍ ያነሰው ይመስለኝ ነበር፣ ምናልባት እኔም አንሶኝ ይሆናል፣ ብቻ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

መካኒሳ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ንብረት መዝጋቢ ነኝ። አምና ከተዘጋ የልጆች ቲያትር ቤት ሦስት ካርቶን ዕቃ በስጦታ መጣልን፣ የድሮ ትኬት፣ ፎቶግራፍ፣ የትርኢት ማስታወቂያ፣ ደግሞም እጅ እየገባባቸው የሚንቀሳቀሱ፣ ጭንቅላታቸው እንጨት የሆነ አሻንጉሊቶች። ያን ሁሉ አንድ በአንድ የምመዘግበው እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እመኑኝ፣ ደክሞኝ ነበር ስላችሁ እሁድን ሙሉ ተኝቼ የማይወጣልኝ ድካም ነው።

አንድ ሰኞ ጋሽ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ሸጊቱ የምትባለውን አሻንጉሊት ሃያ ዓመት ያጫወቷት እሳቸው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ እጄ ላይ ላድርጋት» አሉኝ። «በመጨረሻው ትርኢት መሀል መብራት ጠፋና ሰዉ ተበተነ፣ እጅ ሳትነሳ ካርቶን ገባች። እኛ ዘንድ አሻንጉሊት ተመልካቿን እጅ ሳትነሳ አትቀመጥም፣ ነውር ነው።»

«አባባ፣ ሳይመዘገብ ዕቃ አይወጣም፣ ሰኞ ይምጡ።»

ሰኞ መጡ፣ አልመዘገብኩም። በቀጣዩም ሰኞ በዚያ ዝናብ መጡ፣ አሁንም ሰኞ አልኳቸው፣ «ግድ የለም» ብለው ሄዱ። ካርቶኑ እኮ እግሬ ሥር ነበር! ጎንበስ ማለት ታክቶኝ ነው።

በአራተኛው ሰኞ ጥቁር የለበሰች ልጃቸው መጣች።

«አባዬ ዓርብ አረፈ» አለችኝ። «ሰኞ እንዳትጠብቀኝ ንገሪያት ብሎኝ ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ሁሉም ምሳ ወጥቶ ብቻዬን ስቀር ከካርቶኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ በእግሬ መታ አደረግኩት፣ ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጭ። ስከፍተው ሁሉም በግንባራቸው ተደፍተዋል፣ ሸጊቱ ብቻ በጀርባዋ ተኝታ ወደ ላይ ታየኛለች። እንግዲያው በእሳቸው ፈንታ እኔ እጅ ላስነሳት ብዬ እጄን ከተትኩ።

ውስጧ ይሞቃል። ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር እንደሚሞቀው። ደንግጬም አላወጣሁም፣ ጎንበስ ላደርጋት አንጓዬን ሳጥፍ ግን ከውስጥ አንድ ነገር ጣቶቼን ይዞ ቀና አደረጋቸው፣ ቀስ ብሎ፣ ቁጣ የለውም። ደገምኩ፣ መልሶ ቀና።

«እባክዎን፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

ዘበኛችን አንገቱን በበሩ አስግጎ «ማንን ነው የምታናግሪው?» አለኝ። «ማንንም» አልኩት። ያን ጊዜ ሙቀቱ ከጣቶቼ ጫፍ ጀምሮ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጨርቁ ቀዘቀዘ፣ እሷም እጄ ላይ ግትር እንዳለች ቀረች።

ቅጹ ላይ «ሁኔታ፦ ደህና» ብዬ ሞላሁ፣ ሌላ ምን ይጻፋል? ለባለቤቴ ብነግረው «ዕረፍት ውሰጂ» አለኝ፣ ወሰድኩ፣ ድካሙ አልወጣልኝም። ሸጊቱ ቁጥር ተሰጥቷት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆማለች፣ ጎብኚ ይወዳታል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጨብጠኝ እጄን ቶሎ እነጥቃለሁ፣ የሰፈር ሰው ኮራች እያለ ያማኛል።