የታጠበ ድንጋይ

ባለ ሜትሩ ይሉታል። ሥራው ወንዝ መለካት ነው። በየማለዳው ከድልድዩ ሥር ይወርዳል፤ ወንዙ ውስጥ በተተከለው ባለ ቁጥር ቋሚ ላይ ውሃው የት እንደደረሰ ያነብባል፤ በደብተሩ ይጽፋል። በቃ። «ወንዙን ሱሪ ልታሰፋለት ነው ወይ የምትለካው?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋል። ከሰው ይልቅ ከውሃ ጋር የሚግባባ፣ ዝምታ የማይከብደው ወጣት ነበር።

አንድ ማለዳ በሆዱ ተኝቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያሸት፣ ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?»

ዞር አለ። መረብ በትከሻዋ የጣለች ልጅ ቆማለች። አወቃት፤ ከድልድዩ በታች ወጥመድ የሚጥለው የዓሣ አጥማጁ ልጅ ናት።

«ደህና ነኝ። እያሸተትኩ ነው።»

«ድንጋይ?»

«ድንጋዩ ላይ ያለውን። ነይ እዪው፤ የአቆስጣ እዳሪ ነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳቋ ግን አመለጣት። «ሌላው ጎረምሳ አበባ ያሳያል፤ አንተ እዳሪ!»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ቢሆንም አልተወም። በስንጥር በተን አድርጎ አሳያት፤ የዓሣ ቅርፊት፣ እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት፣ የሸርጣን ስብርባሪ። አቆስጣ ዓሣ እየበላ የሚኖር የወንዝ አውሬ ነው አላት፤ እግሩ አጭር፣ ጭራው ወፍራም፣ የውሃ ዋናው የሚያስቀና። ጎላ ያለ ድንጋይ ይመርጥና «እዚህ አለሁ» ለማለት ምልክቱን እላዩ ላይ ይጥላል።

«እንደ ደብዳቤ?»

«እንደ ደብዳቤ።»

«አይ ደብዳቤ!» አለች አፍንጫዋን ይዛ። በማግስቱ ግን መጣች።

ከዚያ ወዲህ ማለዳዎቹ የሁለት ሰው ሆኑ። በጭቃው ላይ አምስት ጣት ያለውን ዱካ አሳያት። አቆስጣዎች በደረታቸው እየተንሸራተቱ ውሃ የሚገቡበትን የለሰለሰ ዳገት አሳያት። «ውሃው ላይ በመስመር የሚሄድ አረፋ ካየሽ፣ ከሥሩ እየዋኘ ነው ማለት ነው» አላት። አንድ ቀን ያ አረፋ መጣ። ዳር ካለው ዛፍ ሥር እናት አቆስጣ ብቅ አለች፤ ሁለት ግልገሎች እየተገፋፉ ተከተሏት። ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ የእጅጌውን ጫፍ ጨመደደች። አቆስጣዎቹ ከሄዱ በኋላም አልለቀቀችውም። እሱም እጁን አላንቀሳቀሰም።

«ለአባባ እንዳትነግረው፣ እሺ?» አለችው ቆይታ። «ልጅ ሳለሁ ዓሣ ውስጥ መርዝ ከቶ ፈጅቷቸዋል። አንድም የቀረ አይመስለውም።»

«እኔ ከማን ጋር አወራና?»

«ከእኔ ጋር ታወራ የለም እንዴ!»

ክፉው ነገር ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ግልገሎቹ ጠነከሩና እናታቸው ከድልድዩ በታች ወሰደቻቸው፤ ወደ አባትየው ወጥመዶች። ባለ ሜትሩ ያንን ያወቀው በአንድ ማለዳ ነው። ሦስት ድንጋዮች ላይ ትኩስ ምልክት፣ ዳር ላይ የተረፈ የዓሣ ጭራ፣ ከጎኑ ባዶ ወጥመድ። አባትየው ይህን ካየ መርዙን ያወጣል። ለልጅቱ ልንገራት ብሎ አሰበ። ብነግራት ወይ አባቷን ትዋሻለች፣ ወይ አቆስጣዎቹን ታስገድላለች። ይህን ሸክም ምን ብዬ ጀርባዋ ላይ ልጫን?

ብሩሽ አመጣና ድንጋዮቹን አጠበ። ዱካውን በቅጠል ጠረገ። ጭራውን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። አቆስጣዎቹ በማግስቱ መጥተው ያንኑ ድንጋይ መልሰው ምልክት አደረጉበት፤ መልሶ አጠበ። ባጠበ ቁጥር ይጨምራሉ፤ በጨመሩ ቁጥር ያጥባል። በዚህ ሁሉ መሀል የራሱ ቦቲ ጫማ በጭቃው ላይ የሚተወውን ዱካ ልብ አላለም።

አባትየው ግን ልብ አለ። ከተማው መሀል ላይ ቆሞ፣ «ወንዝ እለካለሁ እያለ ዓሣዬን የሚለካው ይሄ ነው!» ሲል ሰው ሁሉ ሰማ።

ልጅቱ በነጋታው ወደ ድልድዩ መጣች። መረቡን አልያዘችም።

«እኔ አላመንኩም ነበር» አለች። «አቆስጣዎቹ ይሆናሉ ብዬ ሄጄ ፈለግኩ። ምልክት ማንበብ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አነበብኩ። ያገኘሁት የአንተን ቦቲ ብቻ ነው። የአባባ ወጥመድ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ከድልድዩ ሥር ውሃው ይሰማል። ወደ ደብተሩ አጎነበሰ።

«ተናገር እንጂ! ሌባ አይደለሁም በለኝ፤ አምንሃለሁ።»

«ሌባ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ነህ?»

ደብተሩን ዘጋ። ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሞላ። ዞር ብላ ሄደች። እሱም የዚያን ቀን የውሃ ከፍታ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳተ።

አራት ቀን አላያትም። በአምስተኛው፣ ብሩሹን ይዞ ወደ ወጥመዶቹ ሲወርድ፣ ከአባቷ ጋር ቆማ አገኛት። አባትየው፣ «አቆስጣ ነው» ስትለው ያወጣውን የዛገ የመርዝ ቆርቆሮ በእጁ ይዟል። ባለ ሜትሩ ባለበት ቆመ።

«ና፣ ቅረብ» አለችው፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ዳሩን ሁሉ እየው። ድንጋዩ በሙሉ አቧራ ለብሷል። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ለምን ነጡ? ሌባ የራሱን ዱካ ያጠፋል። ይሄ ሞኝ የራሱን ትቶ የሌላውን ነው ያጠፋው!» ከአንዱ ስንጥቅ ውስጥ በጥፍሯ የዓሣ ቅርፊት አወጣች። «ብሩሹ እዚህ አልደረሰም።»

አባትየው ቅርፊቱን አየ፤ ብሩሹን አየ፤ ወጣቱን አየ።

«ሌባ እያልኩ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ከተናገርኩ ይሞታሉ፣ ጋሼ። ግልገሎች አሏት።»

«ስምህ ሲጠፋስ?»

«ስሜን… አላሰብኩትም።»

አባትየው ቆርቆሮውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ልጅቱ ፈጠን ብላ ከወጥመዱ አጠገብ ተንበረከከች። መረብ ጠጋኝ ናትና ሌሊቱን መላ ስታስብ አድራ ነበር። በወጥመዱ አፍ ላይ ገመድ አጣልፋ ሰፋች፤ ዓሣ የሚያሾልክ፣ የአቆስጣ ጭንቅላት የማያሳልፍ።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ አባባ።»

«አንድ ቀን ወጥመዴ ባዶውን ቢወጣ» አለ አባትየው፣ «መርዙን ዓሣ ውስጥ እከታለሁ። አንተም ከእሷ ጋር መሄድ ብሎ ነገር የለም፤ ልጄ አጠገብ አትደርስም።»

አሥራ አራት ማለዳ። ባለ ሜትሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ አባትና ልጅ ወጥመድ ያወጣሉ። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ገመድ ተነክሶ ሳስቶ አገኙት። አባትየው ወጥመዱን አነቀነቀ፤ ውስጡ ዓሣዎቹ ተወራጩ። አዲስ ገመድ ወረወረላት፤ አጥብቃ ሰፋችው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ወጥመዶቹ ሁሉ ሙሉ ወጡ። አባትየው ከወንዙ ዳር ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ቆርቆሮውን ቀበረው። ላቡን ጠረገ።

«ቅርጫቱን ያዝ» አለው ባለ ሜትሩን። «ገበያ ድረስ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ከተማው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ ከተማው ከእኔ ጋር ይይህ።»

ቅርጫቱ ባለ ሁለት እጀታ ነበር። አንዱን እሱ፣ አንዱን እሷ ያዙ። አባትየው ከፊት ከፊት ሄደ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ወሬያቸውን አቁመው አፈጠጡ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ሌባውን ያዝከው እንዴ?»

«ያዝኩት» አለ አባትየው፣ ሳይቆም። «አልለቀውምም።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጠች። ቅርጫቱ ወደ እሱ አዘነበለ፤ ተጠግታው ነበር።