ሳቂታው ፊደል

ፊደል ቀራጩ በመጫወቻ ሱቁ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከእንጨት የቀረጻቸው ፊደላት የሱቁን ስም ይዘው ተለጥፈዋል። ጅራታቸው የተጠቀለለ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ አንዳንዱም ባርኔጣ የደፋ ነው፤ ያያቸው ሁሉ ፈገግ ይላል። መርማሪዋ ግን ፈገግ የምትልበት ቀን አልነበረም።

ዘበኛው እንደመሰከረው፣ በዚያ ማለዳ ሱቁ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና ባለሱቁ። የመርማሪዋ አለቃ ነገሩን ጨርሶታል። መሰላሉን ሁልጊዜ የምትይዝለት ሚስቱ ስለሆነች ሆን ብላ ለቃዋለች ብሎ፣ ከመምሸቱ በፊት እንድትታሰር አዟል።

መርማሪዋ ሦስቱንም ለየብቻ ጠየቀች። ስለ ሟቹ ስትጠይቅ ስለ ፊደሉ ይመልሱላታል። ባለሱቁ ፊደሉ ልጆችን ከመንገድ ጠርቶ እንደሚያስገባ አወራ። ወንድምየው፣ የቢሮ በር ጽሑፍ የሚሠራ ኮስታራ ሰው፣ ፊደሉ ለሱቅ ግንባርና ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን እንጂ ለሌላ እንደማይሆን አስረዳ። ሚስትየው የባሏን የቀድሞ ሥራዎች በስልኳ እያሳየች አለቀሰች።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለች መርማሪዋ ለራሷ፣ ተናዳ።

በንዴቷ መሰላሉን አቁማ ወጣች። ከፊደላቱ ሥር ቀጭን የእርሳስ መስመር አየች። ወርዳ፣ ከሟቹ ቦርሳ ትርፍ ፊደላት አውጥታ፣ ሦስቱንም ባንኮኒው ዙሪያ ሰበሰበችና በየተራ እንዲደረድሩላት ጠየቀች።

ባለሱቁ አንዱን ፊደል ገልብጦ አስቀመጠ። ሚስትየው እንባዋን እየጠረገች የአንዱን ጅራት ከሌላው ሆድ ሥር ወሸቀች፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አደረገች። ወንድምየው ከኪሱ ማስመሪያና እርሳስ አውጥቶ መስመር ካሰመረ በኋላ ድንገት አቆመ።

«ግዴለም፣ ጨርስ» አለችው መርማሪዋ። «ሟቹ እነዚህን ፊደላት ያለ መስመር፣ በዓይኑ ግምት ነበር የሚደረድራቸው። ሚስቱ ባሳየችኝ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ተቃቅፈው ነው ያየኋቸው። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን በመስመር ቆመዋል፣ ክፍተታቸውም እኩል ነው። ስለዚህ የለጠፋቸው እሱ አይደለም፤ መሰላሉ ላይም አልወጣም። ከሞተ በኋላ፣ ሲለጥፍ የወደቀ እንዲመስል፣ ሌላ ሰው ለጠፋቸው። ባለሱቁ ቢሆን ኖሮ ይገለብጣቸው ነበር። ሚስቱ ብትሆን ልክ እንደ ባሏ አድርጋ ታታልለኝ ነበር። የቢሮ በር ሲጽፍ የኖረ እጅ ግን በድንጋጤም ጊዜ ያሰምራል።»

ወንድምየው ባንኮኒውን ተደገፈ።

«ለእናታችን መቃብር በዚህ ፊደል ጻፍላት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት» አለ። «ስትስቅ የኖረች ሴት ናት። የሚስቅ ፊደል መቃብር ላይ አይወጣም አለኝና መልሶ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ልገድለው አላሰብኩም ነበር።»

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። ነጻ መሆኗን ለሚስትየው ብትነግራትም የሰማቻት አትመስልም ነበር። የምታየው የባሏን ወንድም ብቻ ነው።

«የሱን መቃብርስ ማን ይጻፍልኝ?» አለችው። «ከሁለታችሁ ሌላ የሚጽፍ ሰው አላውቅም።»