ቀይ ነጥብ

አዲሱ ጠጋኝ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ በገባ ቀን ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ ቦርሳውን ነው። ብሩሽና ጨርቅ ለመያዝ ይህን የሚያህል ቦርሳ ምን ያደርግለታል?

«ጽዳቱንም ጥገናውንም የምሠራው እኔ ነኝ» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «የግቢው ተማሪ ሁሉ ጣቱን የሚያሳርፍበት ዕቃ ነው፤ ካልጠረጉት ይታመማል። መቼ መቼ ብመጣ ይመችዎታል?»

«እኔ ባለሁበት ሰዓት ሁሉ ይመቸኛል» አለች። «በሌለሁበት ግን አይመቸኝም።»

ፈገግ አለ። ፈገግታው ደስ ይላል፤ ይህም አላስደሰታትም።

ክፉ ሆና አልነበረም። ባለፈው ዓመት ከዚህ ክፍል ሁለት ራም ጠፍቷል። ራም ማበጠሪያ የምታህል፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የምትሰካ፣ ኪስ ውስጥ ብትገባ የማትታወቅ ዕቃ ናት፤ ሌባ ይወዳታል። የቀድሞው ጠጋኝ ሥራውን ለቆ ሲሄድ ጥርጣሬውን ለእሷ ትቶላት ሄደ። የክፍሉ አለቃ ጠርቶ «ከእንግዲህ አንዲት ዕቃ ብትጎድል ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ቁልፉ ያንቺ አንገት ላይ ነው» ብሏታል። ከታላቅ እህቷ ጋር የምትኖርበት ቤት የቆመው በዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ ዓይኗን የምትነቅልበት ምክንያት አልነበራትም፤ ከእጁ ላይ።

ተማሪዎቹ ለምሳ ሲወጡ ይመጣል። ማሽኑን ያጠፋል፤ ገመዱን ይነቅላል፤ ኪቦርዱን ይገለብጥና ጀርባውን እንደ ሕፃን መታ መታ ያደርገዋል። ፍርፋሪ፣ ፀጉር፣ የእርሳስ ቅርፍት፣ የጥፍር ቁራጭ ይዘንባል።

«ከዚህኛው የወጣው ብስኩት ሁለት ዶሮ ይቀልባል» ይላል። ወይም ደግሞ የጥፍሩን ቁራጭ በጥጥ እያነሳ «ይኼ ልጅ ፈተና ከብዶታል፤ እግዜር ይርዳው» ይላል።

እሷ ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች። ከሚጠረጥሩት ሰው ጋር መሳቅ ነገር ያበላሻል።

ተማሪዎቹ በሸሚዙ ኪስ ከምትታየው ብሩሽ የተነሳ «ብሩሼ» አሉት። ብሩሼ ስክሪኑን ወልውሎ፣ ማውሱን አጽድቶ ሲያበቃ የሳጥኑን ክዳን ይከፍታል። ያን ጊዜ ነው ልቧ የሚመታው። ጀርባውን ሰጥቷት ያጎነብሳል፤ እጁ አይታይም።

አንድ ቀን እንዳጎነበሰ ጠየቃት።

«የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«ምን ሊያደርግልዎት?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው! በማግስቱ ደግሞ «ከእርስዎ ሌላ እዚህ የሚያመሽ ሰው አለ?» አላት። እሷም ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ቆረጠችና ሻይ ጋበዘችው። ለማጣራት ነው፤ ለራሷም የነገረችው ይህንኑ ነው።

በግቢው ሻይ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ከዚህ በፊት የት ነበር የሚሠሩት?»

«ሆስፒታል፤ እዚያም ኮምፒውተር ስጠርግ።»

«ለምን ለቀቁ?»

«አጎቴ ታሞብኝ ነው። እርስዎስ? የሚመላለስ ዘመድ፣ ጓደኛ የለዎትም?»

ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ልቡ ንጹሕ አይደለም ብላ አሰበች። እንዲህም ሆኖ በሳምንቱ ሌላ ሻይ ጠጡ። ሬዲዮ ጠጋኝ አጎቱ እንዳሳደገው፣ አጎቱ ሬዲዮውን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ እንደሚያዳምጥ ነገራት። እሷም ለማንም ያልነገረችውን፣ የአለቃው ድምፅ በሕልሟ እንደሚመጣ ነገረችው። ሲያዳምጣት ማንኪያውን ያስቀምጣል። ዓይኑ ፊቷ ላይ ይቆይና የሆነ ነገር ሊላት አስቦ የሚተወው ይመስላታል። ያ ዝምታው እንቅልፍ ይነሳት ጀመር፤ የምን እንቅልፍ ማጣት እንደሆነ ግን አልለየችውም። «እርስዎ» መባባላቸው መቼ ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» እንደመጣም ሁለቱም አላስተዋሉም።

እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ከከንፈሯ ሳይለይ ታወራለች።

«ስንተኛ ሻያችሁ ነው?»

«ለማጣራት ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሰው ሲያጣራ እንዲህ አይፈካም። እሙዬ፣ ጠርጥር! ከገንፎም ይገኛል ስንጥር። ደግሞ እጁ ያማረ ወንድ የሰው ኪስ መግባትም ያውቅበታል።»

ይህ ቃል ከነከናት። በማግስቱ ማለዳ፣ ክፍሉ ሳይከፈት ገብታ፣ ከጠጋኞች ጋር ስትውል በተማረችው አከፋፈት በአንድ ረድፍ የተደረደሩትን የአዲሶቹን ማሽኖች ክዳን አነሳች። በእያንዳንዱ ራም ጥግ ላይ በማርከር ትንሽ ቀይ ነጥብ አኖረች። በርካሽ ቢለውጣቸው ነጥቡ አብሮ ይሄዳል፤ እሷም ታውቃለች።

ጽዳቱ አዲሶቹ ማሽኖች ጋ ደርሶ ካለፈ በኋላ ተመልሳ ከፈተች። የመጀመሪያው ላይ ነጥብ የለም። ሁለተኛውም ላይ የለም። የረድፉን ማሽኖች በሙሉ ከፈተች፤ አንዲት ቀይ ነጥብ አላገኘችም።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብትል የምትባረረው እሷ ናት፤ ብትናገር እሱ ነው። ማንኪያውን አስቀምጦ ሲያዳምጣት ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ፣ ሲያዳምጠኝ የከረመው ለዚህ ነው ማለት ነው ስትል አሰበችና ተናደደች። በንዴቷ ተነስታ አለቃው ዘንድ ሄደች።

አለቃው ነገር ማብረድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተማሪዎች ወረፋ ይዘው በቆሙበት፣ ጠጋኙን በሩ ላይ አስቁሞ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አዘረገፈው። የአልኮል ጠርሙስ፣ ጥጥ፣ አየር መንፊያ፣ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ የታጠፈ አሮጌ ካናቴራ፣ በፌስታል የተቋጠረ ምሳ። ሌላ ነገር የለም። ማሽኖቹን አስነስተው የእያንዳንዱን ራም መጠን ስክሪኑ ላይ አዩ፤ የጎደለም የተለወጠም አልነበረም። ይህን ማየት ለእሷም ቀላል ነበር፤ የፈራ ሰው ግን ቀላሉን አያይም።

«ታዲያ ነጥቦቹስ?» አለ አለቃው። «እሷ ምልክት አድርጌ ነበር ትላለች።»

ጠጋኙ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ያንቺ ናቸው?»

«አዎ።»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው» አለ ለአለቃው። «በአልኮል ጠረግሁት።»

ዕቃውን ለቅሞ ወደ ቦርሳው ከተተ። ምሳውን መጨረሻ ላይ አነሳ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራውን ይሠራል፤ ዶሮም ብስኩትም የለም። ሻይ ስትለው «እርስዎ ይጠጡ» አላት። ያ «እርስዎ» ከስድብ ይልቅ አመማት።

እሷ ግን ጥርጣሬዋ አልተኛም። ዝገትን ከእድፍ በዓይኑ የሚለይ ሰው፣ በየራሙ ጥግ እኩል የተቀመጠ ቀይ ቀለም እንዴት ቆሻሻ ይመስለዋል? ዋሽቷል። ለምን?

ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግታ አጠገቡ ቆመች።

«ቀለም እንደሆነ አውቀህ ነው ያጠፋኸው።»

«ይተዉት፣ እባክዎ።»

«በ‹እርስዎ› አትግደለኝ። ለምን ዋሸህ?»

ብሩሹን አስቀመጠ። ለማሽኑ የሚያወራ ይመስል አንገቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ከመቀጠሬ በፊት እዚህ ዕቃ እንደጠፋ ሰምቻለሁ። ነጥቦቹን ሳይ የሌባ ምልክት መሰሉኝ። አንድ ሰው አዲስ አዲሱን መርጦ ለሌላው ‹ይኼን ውሰድ› ያለው። የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ሳጥኑን ከእኔ ሌላ ሊከፍት የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

«እኔን ሌባ ብለህ!» ፊቷ ነደደ። «ለዚህ ነዋ የጓሮው በር ቁልፍ! ለዚህ ነዋ የሚያመሽ ሰው፣ የሚመላለስ ጓደኛ!»

«አዎ» አለ። «ጓደኛ እንዳለሽ የጠየቅሁት ግን ለራሴም ነበር።»

ይህን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

«ታዲያ ለምን ለአለቃው አልተናገርክም?»

«ያባርርሻላ።»

«ሌባ ከሆንኩ ልባረር!»

«አስቤበት ነበር» አለ። «አንቺ ምልክት ታደርጊያለሽ፣ እኔ አጠፋለሁ። መልሰሽ ታደርጊያለሽ፣ መልሼ አጠፋለሁ። አንድ ቀን ሲሰለችሽ ትተዪዋለሽ ብዬ።»

«ባይሰለቸኝስ?»

«እኔም አይሰለቸኝም።»

አንድ ማራገቢያ ብቻ ከሩቅ ይሽከረከራል። ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ያለፈው ዓመት ሁለቱ ራሞች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድ ነገር በትክክል ገባት። እሱ ጠርጥሯት አፉን ዘጋ። እሷ ጠርጥራው አለቃው ዘንድ ሮጠች።

«ይቅርታ» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ተማሪው ግን አሁንም ሳልፍ ቦርሳዬን ነው የሚያየው።»

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሌባ ናት ብሎ ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

«ሞኝ ነው» አለች። መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ መርፌ መሰኪያዋ ላይ ወጋችው። «እንዲህ ያለው ሞኝ ደግሞ በየመንገዱ ያለ መስሎሻል?»

በማግስቱ ጧት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጠጋኙ ከኋላው ረድፍ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ይፈታል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። እሷ መሃል ላይ ቆማ እጇን አጨበጨበች።

«ያን ቀን ቦርሳው የተፈተሸው በእኔ ምክንያት ነው» አለች። «የጠፋ ዕቃ የለም። ያለ ማስረጃ የከሰስኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«ጮክ በይ እትዬ፣ ከኋላ አይሰማም!» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ተሳስቻለሁ አልኩ!» ብላ ጮኸች። «እሱ እጁ ንጹሕ ነው! ያላመናችሁ ሄዳችሁ አለቃውን ጠይቁ፤ ለእሱም አሁን ነግሬው ነው የመጣሁት!»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጠጋኙ ጫማዎች ተመለከተ። ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። አለቀልኝ አለች በልቧ።

«ነይ» አለ ከጠረጴዛው ሥር የወጣ ድምፅ። «ይቺን ገመድ ያዢልኝ፤ እጅ አጠረኝ።»

ቀሚሷ አቧራ ይንካው አይንካው ሳትል ተንበርክካ ገባች። ከሥር ጨለም ያለ ነበር። ገመዱን ተቀበለችው፤ ጣቱ ጣቷ ላይ አረፈና ሳይነሳ ቀረ። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለ።

አላመነችውም። «እዚህ ሥር ትናንት ነው የጠረግኸው» አለችና ወደ እሱ ጠጋ አለች።