ጢስ ያልገደለው ትል

ዙርቃን የተባለው ክንፋም ዘንዶ የደልሞራን የእሳት ድንጋይ ነጥቆ ከተሰወረ ሦስት ዓመት ሆነ። ጉም በማይለያት በዚያች አገር እሳት የሚነደው ድንጋዩ በቤተ መንግሥቱ ምድጃ ላይ ሲመታ ብቻ ነበር። ከምድጃው ውጭ አንዴ ከተመታ ግን ኃይሉ ለዘላለም ይጠፋል። ስለዚህ ሕዝቡ ያደነውን ጎርሞ የተባለ የጫካ አውሬ በተራራ ስንጥቆች ላይ ሰቅሎ፣ ከምድር በሚተን ቀዝቃዛ ጢስ እያደረቀ ይበላ ጀመር።

ንጉሥ አዝማን ሥጋው ቢያሠጋቸው የጢስ ቤቱን አዛዥ ኤላምን አስጠሩት። ኤላምም በዙፋኑ ፊት ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ፦

«ግርማዊ ሆይ! ጢሴ የማይገድለው ነገር በሥጋ ውስጥ የለም። ሠራዊትዎ ያለ ሥጋት ይብላ!»

ዘጠና ወታደሮች በሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓይናቸው አበጠ፤ ጡንቻቸው እንደ ገመድ ከረረ፤ ትኩሳት አነደዳቸው። አርባ አንዱ ሞቱ። ኤላም የተረፈውን ሥጋ ሰንጥቆ አየ። ላዩ ጠቁሯል፤ ውስጡ ግን ቀይ ነው። በቀዩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትሎች ተጠቅልለው ይላወሳሉ። ጢሱ ሥጋውን ከመበስበስ አዳነው እንጂ ትሉን አልነካውም። ትሉን የሚገድለው እስከ አጥንት የዘለቀ እሳት ነበር።

ያን ቀን የኤላም ልጅ ናርዳ፣ የሃያ ዓመቷ አዳኝ፣ «ድንጋዩን ሳልይዝ የአባቴን ደጃፍ አልረግጥም!» ብላ ማለች። ኤላም ተከተላት። መርሶ የተባለ ጦረኛም አብሮ ተነሣ፤ ወንድሙ ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

«የምሄደው ለድንጋዩ ነው» አለው ኤላምን። «አንተ በመንገድ እንዳታናግረኝ።»

ሰፊ ረግረግ ተሻግረው ከዙርቃን ዋሻ ደረሱ። መርሶ ዘንዶውን ከፊት ሲገጥመው፣ ናርዳ በደረቷ ተስባ ጦሯን ከክንፉ ሥር ሰካችበት። ዙርቃን ሲወድቅ ግን በጅራቱ የመርሶን ሁለት እግሮች ሰባበራቸው። ናርዳ የእሳት ድንጋዩን ከዋሻው አወጣች።

በመልሱ መንገድ ሁለት እፍኝ የደረቀ ፍሬ ብቻ ቀራቸው። በረግረጉ ዳር አዳኞች ጢስ ላይ ሰቅለው የተዉት የጎርሞ ሥጋ አገኙ። ኤላም ፍሬውን ለሁለቱ አካፈለና ከሥጋው ቆረጠ። ናርዳ እጁን ያዘችው።

«አባዬ! በውስጡ ያለውን ያሳዩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ይህን ሰው በባዶ ሆዴ ልሸከመው አልችልም። አንቺ ድንጋዩን ይዘሽ መንገድ ምሪ።»

«ትታችሁኝ ሂዱ!» ብሎ ጮኸ መርሶ።

«ወንድምህን ገድያለሁ» አለ ኤላም። «አንተን አልጨምርም።»

እያኘከ ዋጠ። ከዚያም ሰባት ቀን ሙሉ፣ ጭቃው እስከ ወገቡ እየዋጠው፣ መርሶን በጀርባው ተሸከመ። በሰባቱም ቀን ሁለቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ደልሞራ ደርሰው ድንጋዩ ሲመታ ምድጃው ነደደ። አገሪቱ የንጉሥ አዝማንን ስም እየጠራች ዘፈነች፤ ዐዋጅ ነጋሪውም «ሥጋ ጢስ ላይ የሚሰቀለው እስከ አጥንቱ ከበሰለ በኋላ ነው!» እያለ በየመንደሩ ለፈፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤላም አልጋ ላይ ነበር። ዓይኑ አብጦ ፈዟል። ናርዳ የጎርሞ ጭን ከረፋድ ጀምራ ቀቅላ አቀረበችለት። መንጋጋው ግን አልታዘዝ አለው።

«አጥንቱ ጋ ቀይ አለው?» አለ በተሰበረ ድምፅ።

«የለውም፣ አባዬ።»

«ደግመሽ እይው።»

መርሶ እግሮቹ በእንጨት እንደታሰሩ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል። «እኔም አየሁት፣ ጌታዬ» አለ። «እርስዎ ይረፉ።»

ናርዳ ግን ቢላዋዋን አንሥታ ሥጋውን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀችው። አንድም ቀይ አልነበረውም። ልትነግረው ቀና ስትል፣ መርሶ በመዳፉ የአባቷን ዓይኖች ይከድን ነበር።