የኮሙናሉ ቁልፍ

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ሰፈሬን ለማማት አይደለም። ማማት ብፈልግማ ከልብስ ስፌት ሱቅ የሚሻል ቦታ የለም፤ ሰው ወገቡን ሲያስለካ ሆዱን አብሮ ይዘረግፋል። ሸሪፋ እባላለሁ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ የስፌት መኪናዬን ይዤ የምውል ሴት ነኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት ኮሙናሉ አለ። ለማያውቅ ሰው፣ ኮሙናል ማለት ነዋሪው በጋራ እንዲገለገልበት የተሠራ ቤት ነው፤ ሰፊ ክፍል፣ የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ የብረት በር። በእኛ ሰፈር ይህ ቤት ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይከርምና በበዓል በሬ ሊታረድበት ይከፈታል። እኔ ቅርጫ ስለማልገባ ከስጋው ድርሻ የለኝም፤ ከሽታውና ከዝንቡ ግን ድርሻዬ ሙሉ ነው።

ሰፈራችንን አንድ አስፋልት ለሁለት ይከፍለዋል። ከአስፋልቱ በላይ ያሉት ልጆች ላይኞች፣ በታች ያሉት ታቾች ይባላሉ። በምን እንደተጣሉ ብትጠይቋቸው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ድንጋይ ይወራወራሉ። የሱቄን መስታወት ስንቴ እንዳስገጠምኩ እኔና አላህ እናውቃለን። ከላይኞች ቢሩክ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ደሙ ዓይኑን እየሸፈነው ሱቄ ውስጥ ሮጦ ገባ። የፈነከተው ከታቾች ጸጋአብ የሚባል እኩያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጸጋአብ ራሱ የፊት ጥርሱን አጥቶ አየሁት። ኑሯችን ይኸው ነበር።

ይህን ነገር ያስቆመው ፖሊስም ሽማግሌም አይደለም። ተስፉ የሚባል፣ ከመገናኛ አባዶ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት የሆነ ወጣት ነው። ልጁ ቲያትር ነፍሱ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠራ እንኳ መድረክ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። የዚያን ጊዜውን የነዋሪዎች ኮሚቴ ደጅ ጠንቶ የኮሙናሉን ቁልፍ ተቀበለ። ከዚያ ላይኞችንም ታቾችንም ጠራቸው። ሁለት ሰፈር በውሃ ወረፋ ተጣልቶ የሚፋጅበት ቲያትር ጽፌአለሁ፣ ለዚህ ደግሞ ከልባቸው የማይዋደዱ ልጆች ያስፈልጉኛል አላቸው። ሳቁበት፤ ግን መጡ።

ቢሩክንና ጸጋአብን ፊት ለፊት አቁሞ በዱላ መደባደብ አስተማራቸው። የውሸት ድብድብ ግን ሕግ አለው። ዱላው ከመነሳቱ በፊት መቺው የተመቺውን ዓይን ያያል። ተመቺው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲከፍት ተዘጋጅቻለሁ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዱላው ይወርዳል፣ አጠገቡ ደርሶ ይቆማል፣ ልጁም ራሱን ጠብቆ ይወድቃል። «ዓይኑን ሳታይ እጅህን እንዳታነሳ» ይል ነበር ተስፉ፤ ከመደጋገሙ የተነሳ ወላሂ እኔ ራሴ ጨርቅ ስቀድ ይመጣብኛል።

ልብሳቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደሙን የሠራሁትም እኔ ነኝ፤ ቀይ ሥር ቀቅዬ፣ ዱቄት ጨምሬ አወፍረዋለሁ። ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀለውን ሥዕል ግን ጸጋአብ ሠራው። ተስፉ ያረጁ የማስታወቂያ ሸራዎች ከመገናኛ ለምኖ አመጣ፣ እኔ አያይዤ ሰፋኋቸው፣ ጸጋአብ በነጩ ጀርባቸው ላይ ሰፈራችንን ሣለ። ብሎኮቹ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ የውሃ ጀሪካኑ ሰልፍ፣ የእኔም ሱቅ ሳይቀር ነበረበት። ያ ልጅ እጁ የተባረከ ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት ልፈተን ነው ብሎ ለእናቱ ለወይዘሮ እንቁ ነግሯቸው፣ እሳቸውም ለሰው ሁሉ አውርተው ጨርሰውት ነበር። ቢሩክ ከአጠገቡ ሆኖ ቀለም ያቀብለዋል። በዚያ ዓመት መስታወቴ አንድም ቀን አልተሰበረም።

ከዚያ ኮሚቴው ተቀየረና ጋሽ አያሌው ሊቀ መንበር ሆኑ። የቢሩክ አባት ናቸው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሞተ ቀባሪ፣ የታመመ ጠያቂ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ፈልገው የኮሙናሉን በር ገፋ ሲያደርጉ፣ ቢሩክ በቀይ ተነክሮ ወለሉ ላይ ተዘርሯል፣ ጸጋአብ ዱላ ይዞ ከላዩ ቆሟል። ሰውዬው አበዱ። ዱላውን ነጥቀው ጸጋአብን ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ወረዱበት። እሱ የእውነት ዱላ ነበር፤ እየጮኸ ሲሮጥ ከሱቄ ሰማሁት። ቢሩክ ተነስቶ አባቱን እያቀፈ «ጨዋታ ነው አባዬ፣ ቀይ ሥር ነው» አላቸው። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። ቀይ ሥር መሆኑን አወቁ፣ ንዴታቸው ግን አልበረደም። አንዳንድ ሰው ተሳስቶ ሲገኝ ይብስበታል።

እሑድ ስብሰባ ጠሩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ አሉ። ዛሬ በዱላ መደባደብ የተማረ ነገ ሰው ይገድላል፣ ቲያትር የሥራ ፈት ነገር ነው፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ደግሞም ኮሙናሉ የተሠራው ለደስታና ለሐዘን እንጂ ለመጨፈሪያ አይደለም አሉ፤ ጎረቤቱም ራሱን ነቀነቀ። እኔ አላስችል ብሎኝ ተነሳሁ።

«ጋሽ አያሌው፣ እነዚህ ልጆች የውሸት መደባደብ ከጀመሩ ወዲህ የእውነቱን ትተዋል። በሩን ከዘጉባቸው ወደ ድንጋዩ ነው የሚመለሱት።»

«አንቺ ሸሪፋ፣ ቅርጫ አትገቢ፣ ስለ ኮሙናሉ ምን አገባሽ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄ ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ። በነጋታው በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠለጠለ፤ የልጆቹ ልብስና ሥዕል ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ተስፉ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሊያለማምዳቸው ሞከረ። ጥበቃዎቹ እዚህ አትሰብሰቡ እያሉ አባረሯቸው። ሁለት ሦስቴ ተባርረው ተበተኑ። ከዚያ ያልኩት ደረሰ። ላይኞች ወደ ላይ፣ ታቾች ወደ ታች ተመለሱ። አሁን ደግሞ ድንጋይ አልበቃ ብሏቸው ከግንባታው ቦታ ፌሮ ብረት ይዘው መጡ። አንዱን ልጅ በፌሮ አገጩን ሰብረውት ሳምንታት በቀሰም ሾርባ ሲመጥ ኖረ። ሌላውን መሬት ላይ ጥለው ራሱን ሲረግጡት ተስፉ ደርሶ በላዩ ተኛበትና እርግጫውን በጀርባው ተቀበለው። የኔም መስታወት እንደ ልማዱ ረገፈ። ጋሽ አያሌው ግን ይኸው አላልኳችሁም፣ ዱርዬዎች ናቸው ይሉ ነበር።

የፋሲካ ለት ጠዋት ኮሙናሉ ተከፈተ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ስጋው በመደብ በመደብ ሊደረደር ሆነ። ማንጠፊያው ፕላስቲክ አልበቃ ሲል አንዱ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ሸራ አየና ዘረጋው። የጸጋአብ ሥዕል ነበር። በሰፈራችን ላይ ጉበት፣ በሱቄ ላይ ጨጓራ ተዘረገፈበት። ቢሩክ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አባቱ የሰጡትን ቢላዋ ይዞ ስጋ ይበልታል። እኔ ጎረቤቶቼን እንኳን አደረሳችሁ ልበል ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጸጋአብ የእናቱን ድርሻ ሊወስድ ሳህን ይዞ መጣ።

ሥዕሉን ሲያይ ሳህኑን ጣለው። ጎንበስ ብሎ የሸራውን ጫፍ ይዞ በኃይል ጎተተ። ስጋው ወለሉ ላይ ተበተነ። ጋሽ አያሌው ባለጌ ብለው በጥፊ አጠናገሩት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ድጋሚ ሲሰነዝሩ ገፈተራቸው። ወለሉ ደምና ሞራ ነበርና እግራቸው ከዳቸው፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ሲሚንቶውን መታው። ድምፁን ሰማሁት። ቢሩክም ሰማው። ዞር አለ፣ አባቱን አየ፣ እጁን አነሳ። የጸጋአብን ዓይን ግን አላየም።

ቢላዋው ከብብቱ አጠገብ ክንዱ ውስጥ ገባ። ቢሩክ መልሶ ሲስበው ደሙ ተረጨ፣ ፊቴ ድረስ መጣ። ጸጋአብ የተማረውን አወዳደቅ አልወደቀም፤ ጉልበቱ ታጥፎ በሥዕሉ ላይ ተደፋ። ሻርፔን ከራሴ ገፍፌ ብብቱ ውስጥ ወትፌ በጉልበቴ ተጫንኩት፤ ትኩሱ ደም በጣቶቼ መሃል እየፈለቀ እንቢ አለኝ። ጋሽ አያሌው በእንብርክካቸው እየዳሁ መጥተው እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑ። «ቀይ ሥር ነው በሉኝ» ይላሉ፤ «ሸሪፋ፣ ቀይ ሥር ነው በይኝ።» ሸራው ላይ የበሬው ደም የቱ፣ የልጁ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ተስፉ ሚኒባሱን አስነድቶ መጣና ወደ ሆስፒታል በረርን። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ። ጅማቱ ግን ተቆርጧል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ዛሬም አይጨብጡም። ብሩሽ ይይዝበት የነበረው እጁ ነው። ቢሩክን ፖሊስ ወሰደው። እኛ ጸጋአብን ይዘን ስንወጣ ቢላዋውን ጥሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ እያየ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጋሽ አያሌው አንገታቸውን የደፉ ሰው ሆኑ። ሽማግሌ ይዘው፣ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ወይዘሮ እንቁ ደጃፍ ወደቁ። እኔም ለእንቁ ጓደኛ ልሆን እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሣ ሲያነሱ እንቁ በእጃቸው አስቆሟቸው። እንዲህም አሉ፦

«ድንጋዩን ያውርዱት። እርስዎ በዱላ ሲመቱት ልጄ ለእኔ አልነገረኝም፤ ልጅዎ ጓደኛው ስለሆነ ነው። ካሣ አልፈልግም። ለበሬ መታረጃ ያልነፈጋችሁትን ቤት ለልጆቻችን ነፈጋችሁ። የምፈልገው ቁልፉን ነው።»

ጋሽ አያሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ሊሰጧቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እንቁ አልተቀበሉም። እርስዎ ጋ ይሁን፤ ግን በየቀኑ እርስዎ ይከፍቱታል፣ ልጆቹ እስኪጨርሱም ተቀምጠው ያያሉ አሏቸው። ሰውዬው መሬቱን ሳሙ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ጡረተኛው ሊቀ መንበር በየቀኑ በር ከፋች ሆኑ፤ ወለሉን ያጥባሉ፣ ወንበር ያመቻቻሉ። ሸራውን እኔና እሳቸው በሳሙና ፈተግነው። ደሙ ከመሃሉ እንቢ ብሎ ቀረ። ጸጋአብ በግራ እጁ መሣል እየተለማመደ ነበርና ቀለም ደርበህ ሸፍነው አልነው፤ ይታይ አለ። ፍርድ ቤቱ የቢሩክን ዕድሜና እርቁን አይቶ ከወራት እስር በኋላ በገደብ ለቀቀው። ኮሙናሉ ደጃፍ መጥቶ ቆመ፤ ግን መግባት ፈራ። ጸጋአብ ወጥቶ ዱላውን በግራ እጁ አቀበለው።

ቲያትሩ በዓመቱ ታየ። ላይኞችም ታቾችም ከነቤተሰባቸው ተጨናንቀው ተቀመጡ። የድብድቡ ጊዜ ደረሰ፤ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ቢሩክ ዱላውን ይዟል፣ ዓይኑ ግን ወለሉ ላይ ተተክሏል። ተስፉ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሹን ይዟል። ጸጋአብ ጠበቀው፤ ጠበቀው፤ በመጨረሻ ተስፉ ያልጻፈውን ቃል ተናገረ።

«ቢሩክ፣ እየኝ።»

ቢሩክ ቀና ብሎ አየው። እንባው ይወርዳል። ጸጋአብ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከፈተ። ዱላው ወረደ፣ ጸጋአብ ወደቀ፣ የቀቀልኩት ቀይ ሥር ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ጋሽ አያሌው ሳያስቡት ብድግ አሉ። ጸጋአብ ከተኛበት አንገቱን ቀና አደረገና በቀስታ «ጨዋታ ነው ጋሽ አያሌው፣ ይቀመጡ» አላቸው። ሰውዬው እንደቆሙ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ ይቅር ብሏል፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። ልጅ የእንጨት ዱላ ሲያነሳ የደነገጥን ሰዎች፣ በዚያው ቤት እውነተኛ ቢላዋ ስናስጨብጠው አልደነገጥንም። በየኮንዶሚኒየሙ እንዲህ የተቆለፈ ቤት ይኖራል፣ ከደጁ ደግሞ ድንጋይ የያዘ ልጅ። እናንተ ሰፈር ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው? ሂዱና ጠይቁት። ምን አገባህ፣ ምን አገባሽ ቢላችሁ እንደ እኔ ስቃችሁ አትቀመጡ።