ወደ ግራ የተጠመጠመው ገመድ

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጅጅጋ ውስጥ በታላቅ ወንድሜ በታዬ ብየዳ ቤት ነበር የምሠራው፣ ደግሞ ልንገራችሁ፣ የጂን ወሬ ሲነሳ ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነበርኩ፣ ጎረቤታችን ሻይ ሻጯ ሆደን «አትሳቂ አባዮ፣ እህቴ፣ ይሰሙሻል» ስትለኝ «ይስሙኝና ሻይ ይጋብዙኝ» እላት ነበር።

ማሽኑን ታዬ ከቶጎጫሌ በጭነት መኪና ነው ያስመጣው፣ በርሜል የሚያህል አሮጌ፣ ዲናሞው እየዞረ የሚበይድ። ችግሩ ማሽኑ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ እኛ ሰፈር የሚገባው መብራት ደግሞ አንድ ፌዝ ብቻ። በአንድ ፌዝ ማብሪያውን ብትጫኑት ያጓራል እንጂ አይነሳም፣ የሰው እጅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ታዬ እንደ ጄኔሬተር መዘውሩ፣ ፑሊው ላይ ገመድ ይጠመጥምና ባለ በሌለ ኃይሉ ይስባል፣ መዞር ሲጀምር «ስጪው!» ይለኛል፣ እኔ ማብሪያውን እጫናለሁ፣ ከዚያ ራሱን ችሎ ይሄዳል። እናታችንም፣ እኔም፣ የሱ ልጆችም የምንበላው ከዚያ ቀኝ እጁ ነበር።

ማታ ሲዘጋ ገመዱን ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስንከፍት ፑሊው ላይ ተጠምጥሞ አገኘነው፣ ያውም ወደ ግራ፣ ታዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጥመው። ሆደን አየችውና «ወላሂ፣ ይሄ በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ነው» አለች። በማግስቱም እንደዚያው። ቁልፉ ያለው ታዬና እኔ ጋ ብቻ ነው፣ ታዬ ዞር አለና በጥፊ አጮለኝ፣ ጆሮዬ ጭው አለ።

«በማሽን ይቀለዳል? እጅ በጣሽ እኮ ነው!»

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ትሙት እኔ አይደለሁም!»

«እና ማነው? ጂን ነው ልትዪኝ ነው?»

ገመዱን ራሱ ፈትቶ ሰቀለው።

እኩለ ቀን ላይ ጫት ገብቶ ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ንፋሱ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታዬ፣ ይቅርታ አይሉት ነገር፣ ሆደን ጋ ሻይ ጋበዘኝ። እዚያ ተቀምጠን ሳለ ከብየዳ ቤቱ ያ ማጓራት መጣ።

«መብራት መጣ» አለ ታዬ ብድግ ብሎ።

የሆደን ፍሪጅ ግን ዝም እንዳለ ነው፣ አምፖሏም አልበራም።

ስንገባ ማጓራቱ ጸጥ አለ። ማብሪያው እንደጠፋ ነው፣ ገመዱ ግን ተጠምጥሟል፣ ወደ ግራ። ታዬ ደሙ ፈላ፣ ማሽኑን እርግጫ አቀመሰው፣ ከዚያ ሊፈታው የገመዱን ጫፍ በቀኝ እጁ ጨበጠ።

እመኑኝ፣ ማንም አልሳበም። ፑሊው በረረ፣ ገመዱ የእጁ አንጓ ላይ ተጠመጠመ፣ ታዬን ጎትቶ በደረቱ ከብረቱ ጋር አላተመው፣ እጁ ተያይዞ ገባ፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፣ ልክ ደረቅ እንጨት ነው። «አጥፊው! አጥፊው!» ይጮኻል፣ እኔ ማብሪያውን በቡጢ እየመታሁ «ጠፍቷል ወንድም ጋሼ! ጠፍቷል!» እላለሁ፣ የመብራቱን ገመድ ሳይቀር ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት፣ ይዞራል፣ ደም ጣሪያው ድረስ ይረጫል። ሆደን ቢላ ይዛ ገባች፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለች ገመዱን በጠሰችው፣ የተበጠሰው ጫፍ እየተሽከረከረ ጉንጯን ገረፋት፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ታዬ ሲወድቅ ማሽኑም ቆመ፣ ሰው እጁን ያነሳለት ይመስል፣ ድንገት።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፣ እጁን ግን ከአንጓው በላይ ቆረጡት። መብራት ያን ቀን ጭራሽ አልመጣም። በኋላ ለአንድ ኤሌክትሪሻን ብነግረው «እህቴ፣ እንኳን ያለ መብራት፣ በመብራትም ያለ ሰው አይነሳም» ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ማሽኑን ሽጠው ብለን ብንለምነው እምቢ አለ። ቁስሉ ሲደርቅ አንድ ጠዋት መጥቶ ብየዳ ቤቱን ከፈተ፣ አዲስ ገመድ አመጣ፣ በግራ እጁ ፑሊው ላይ ወደ ግራ ጠመጠመው፣ ሳበና «ስጪው!» አለኝ።